ሰፊውን መጋዝ የመረጥኩ ሰሞን

ቡራዩ ውስጥ ስለ መጋዝ እንደኔ የሚያወራ ልጅ ያለ አይመስለኝም። አባቴ እንጨት ቤት አለው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ባንድሶው ጋ ነኝ። ባንድሶው ማለት ከላይና ከታች ሁለት ጎማ ኖሮት፣ ረጅም የብረት መጋዝ እንደ ቀበቶ የሚዞርበት መቁረጫ ማሽን ነው። ጓደኞቼ ስለ ፀጉር ሥራ ሲያወሩ እኔ ስለ መጋዝ ስፋት እገባላቸዋለሁ። «ደሞ ጀመረች» ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠባብ መጋዝ ይታጠፋል፤ የአልጋ ራስጌ፣ የወንበር ጀርባ፣ ክብ ነገር ሁሉ በሱ ይወጣል። ቀጥ ያለ ነገር ሲያዙት ግን መስመሩን ትቶ ወደፈለገበት ይሄዳል። ሰፊው ግትር ነው፤ መታጠፍ አያውቅም፣ እንደጀመረ ቀጥ ብሎ ይጨርሳል። ለብረት ደግሞ ስፋቱ ብቻ አይበቃም፤ ጥርሱ ደቃቅ፣ ማሽኑም ዘገምተኛ መሆን አለበት። ይህንን ያወቅኩት ቱቦላሬ ብረት በእንጨት መጋዝ ልቆርጥ ብዬ ጥርሱን እንደ በቆሎ ካረገፍኩት በኋላ ነው። አባቴ አልተቆጣም። መጋዙን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «የልጄ ዲፕሎማ» እያለ ለደንበኛ ያሳያል።

እንጨት የሚያመጡልን ኦቦ ነበሩ። በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም፣ ኦቦ ብቻ ነው የምላቸው፤ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። ወደ ገፈርሳ መውጫ ከአባታቸው የወረሱት ማሳ አላቸው፤ ሽምብራ ይዘሩበታል፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ነው። በወጣትነታቸው መናገሻ በኩል እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ስለሠሩ ከአባቴ ይልቅ መጋዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በአህያ ጋሪ ጭነው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያናግሩት እኔን ነው።

«ኢንተለ ኮ፣ ይሄን በየትኛው ትቆርጪዋለሽ?» ልጄ ማለታቸው ነው።

በኦሮምኛ ለመመለስ እሞክራለሁ። «ተዪው፣ በአማርኛ ንገሪኝ። ቋንቋውን ሰበርሽው» ይሉና ይስቃሉ።

ኅዳር ላይ አንድ ሰውዬ በፒካፕ መጣ። ሁለት መቶ የእንጨት ችካልና አርባ ቁራጭ ፌሮ ፈለገ። አባቴ ሰበታ በር ሊገጥም መሄጃው ነበር። «እሷ ትጨርስልሃለች» አለው።

«ይቺ?»

«ይቺ።»

ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ሰውዬው «ለሥራ» አለኝ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ሐሳቤ መጋዙ ላይ ነበር። ፌሮውን፣ የሞተሩን ቀበቶ ቺንጋውን አዛውሬ፣ የማሽኑን ፍጥነት ቀንሼ በደቃቁ ጥርስ ቆረጥኩት። ለችካሉ ሰፊውን፣ ጥርሱ የተራራቀውን አሰርኩ፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሌላው ይያዛል። እንጨት ሲያልቅብኝ ኦቦ አንድ ጋሪ ጨመሩልኝ። የመጀመሪያዎቹን ጫፍ በአራት ጎን እንዴት እንደማሾል አጠገቤ ቆመው አሳዩኝ፤ እንዲያ ከሆነ መሬት ሲገባ አይሰነጠቅም። «ሥራ ያብዛልሽ» ብለውኝ ሄዱ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አባቴ ሲመለስ ችካሎቹን እንደ ክብሪት እንጨት ደርድሬ ጠበቅኩት።

በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ማስተር ፕላን ነበር የሚያወራው። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ መሬት ሊወሰድ ነው ይባላል። እኔ ከክፍል ልጆች ጋር በገፈርሳ መንገድ ስመጣ የኦቦን ማሳ አየሁት። ሽምብራው መሐል ችካል ተተክሏል። ከሳቸው አልፎ የጎረቤቶቻቸውንም ማሳ እየሰነጠቀ ቁልቁል ይወርዳል። የኔ ሥራ መሆኑን ከሩቅ ነው ያወቅኩት። የገዛ እጅ ጽሑፍን ማን አያውቅም?

ኦቦ አንዱን ነቅለው ይዘው ቆመዋል። ጓደኞቼን ትቼ ወደሳቸው ሄድኩ።

«ኦቦ፣ አላወቅኩም ነበር።»

«እኔስ አውቄ ነው እንዴ? ዛፉ የኔ ነው።» ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «በደንብ ነው ያሾልሽው» አሉኝ። «አልተሰነጠቀም።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በተቃውሞ መንገድ ተዘጋ። ጎማ ይቃጠላል፣ ድንጋይ ይወረወራል፣ ተኩስ ይሰማል፤ ትምህርትም ቆመ። እናቴ ከግቢ አላስወጣ አለችኝ። የኦቦ ጋሪ አልመጣም። በየቀኑ ሰፊውን መጋዝ ወጥሬ ጠበቅኩ። አባቴ «መንገዱ ነው፣ ሲከፈት ይመጣሉ» ይለኛል። አላመንኩትም። ተቀይመውኛል ብዬ ደመደምኩ።

ጥር ላይ ፕላኑ ቀረ ተባለ። በደስታ እያበድኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ኦቦ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእግራቸው፣ ያለ ጋሪ መጡ። ከስተዋል። አባቴ ወንበር ቢያወጣላቸው አልቀመጥም አሉ።

«እንጨት ከሌላ ፈልጉ» አሉት። «ጎረቤቶቼ ዛፉ የኔ መሆኑን አወቁ። ችካል ሻጩ ነው የሚሉኝ አሁን። ልቅሶ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል።»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት ብዬ ልንገራቸው፣ ኦቦ» አልኩ። «እርስዎ አያውቁም ነበር እላቸዋለሁ።»

ወደኔ ዞሩ። «ማን ቆረጠው ብለው ጠይቀውኛል። ያኔ፣ ሁሉ ነገር ሲቃጠል በነበረበት ጊዜ። እኔ ለሦስት እንጨት ቤት ነው የምሸጠው፣ የቱ እንደሆነ አላውቅም አልኳቸው። አሁን ጋሪዬ እዚህ ቆሞ ቢያዩት ምን ይላሉ?»

አባቴ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል። እኔ ተቀይመውኛል ብዬ ሳለቅስ በከረምኩበት ጊዜ እሳቸው ስሜን ውጠው፣ ስድቡን ለብቻቸው ተሸክመው ነበር።

ሲወጡ ተከተልኳቸው። ልሸኛቸው ነበር፣ እስከ አስፋልቱ ብቻ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግራና ቀኝ አዩና እጃቸውን ደረቴ ፊት ዘርግተው አቆሙኝ።

«አብረን አንታይ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ከኋላቸው በሩን ራሳቸው ዘጉት።