በቅጠል የተሸፈነችው ወፍ

ልጅ ሳለሁ እህቴ ዘይነባ ከመካነ ሰላም ተነሥታ ዓረብ አገር ሄደች፤ አልተመለሰችም።

እናታችን ሞታ ስለነበር ያሳደጉን አባታችን ናቸው። ቀን የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያቀራሉ፤ ማታ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ተረት ይነግሩናል። ያኔ ሰፈራችን መብራት አልነበረውም፤ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር ወደ ምድጃው እየተጠጋን እንሰማ ነበር። ዘይነባ የምትወደው የአንዲት ወፍ ተረት ነበር። ወፏ በድርቅ ዘመን ለጫጩቶቿ እህል ፍለጋ ሩቅ ትሄዳለች። ባረፈችበት ሁሉ ያገሩን ቀለም እየለበሰች ስትመለስ ጫጩቶቿ መልኳን አልለዩትም፤ በድምፅዋ አወቋት።

የመሄዷ ነገር ሲቆረጥ ዘይነባ ያችን ወፍ በጨርቅ ልትሠራት ተነሣች። ከገበያ ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ለምና አመጣች። ነጭ አቡጀዲ ዘርግታ ከጭራዋ ወደ ራሷ አንዱን ጨርቅ በሌላው ላይ እየደረበች ሰፋች፤ ጎጆ እንደሚከደነው። እኔ ኩራዝ እይዝላት ነበር።

«የተነጨች ዶሮ መሰለች» አልኳት።

«ዝም ብለህ አብራ! ቁንጮህን ቆርጬ ለጭራዋ እንዳልሰፋው!»

ቆይታ ደግሞ፣ «ግድግዳው ላይ ትሁንላችሁ። እሷን ስታዩ ታስቡኛላችሁ» አለች።

አባቴ ወፏን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሩሕ ያለው፣ የሚተነፍስ ነገር ሥዕል እዚህ ቤት አይሰቀልም። መላኢካ አይገባበትም።»

«አባ፣ አንቱ አይደሉ እንዴ የነገሩን?»

«በአፍ ማውራት ሌላ፣ ግድግዳ ላይ መስቀል ሌላ። ፍቺው።»

አልፈታችውም። አረንጓዴ ሻሽዋን ቀድዳ በቅጠል ቅርጽ ቆረጠችና ከላይ ደረበችባት። ወፏ ጠፋች፤ ጨርቁ ዛፍ ሆነ።

«ዛፍ ምንም አይልም» ብለው አባቴ ራሳቸው ሰቀሉት። ዘይነባ ቀና ብላ አላየችውም። ከዚያ ማታ ወዲህ ተረት አልነገሩንም፤ እኛም ንገሩን አላልናቸውም። በሄደች ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኝተዋት ዱዓ አደረጉላት፤ እጃቸውን ስማ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ስለ ወፏ ማንም አላነሣም።

መጀመሪያ ትደውል ነበር። ከዚያ ቆመ። የወሰዷት ሰዎች አሠሪ ቀይራለች አሉን፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ አልተገኘም።

አንድ ቀን ከመስጊድ ስመለስ አባቴ ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቅጠሉን በምላጭ ሲፈቱ አገኘኋቸው። ወፏ ቀይና ቢጫዋ ሳይደበዝዝ ወጣች። መልሰው ሰቀሏት። ለዱዓ የሚመጡት ሽማግሌዎች አይተው ዱዓቸውን ቀጠሉ።

«ምነው ያን ጊዜ ወፏን በተውኳት» አሉኝ።

ያኔ ወፏን ቢተዉአት ኖሮ ዘይነባ ትመለስ ነበር አልልም። ደስ ብሏት ትሄድ ነበር።

አባቴ ከሞቱ ቆይቷል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ግድግዳው ላይ ያለችው ወፍ ነን።