ከአዲስ አበባ ቤጂንግ ስንት አዳር ነው?

በእኛ አገር መንገድ የሚለካ በአዳር ነው። ኪሎ ሜትር የሾፌር ነገር ነው። ሰው ሊሄድ ሲነሣ «ስንት አዳር ነው?» ይባላል፤ አዳሩ ከበዛ አልቅሰው ይሸኙታል።

ትልቋ ልጄ ለትምህርት ቻይና ስትሄድ ታላቅ ወንድሜ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ዓርብ ጧት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አሳፍሬያት ስመለስ ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ስንት አዳር ነው?»

«ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ሌሊት ተነሥታ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ትገባለች።»

ቲኬቷን ራሴ አንብቤዋለሁ። የፈረንጅ ሰዓት ስድስት ሲቀነስለት የእኛ እንደሚሆን የጎልማሶች ትምህርት ላይ ተምሬያለሁ።

ሳቀብኝ። «አዲስ አበባ ለመግባት እንኳ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ቀን ይፈጃል። አንተ ጢምህ ሸብቶ ፊደል ቆጠርህና የሰማይ መንገድ ለካህ?»

በልጅነቴ «ሞፈር የሚይዝ ይቅር» ብሎ ከትምህርት ያስቀረኝ ይኸው ሰው ነው። አልረሳሁለትም። አሁን ደግሞ ታናሺቱን ልጄን ከስምንተኛ ክፍል አውጥቶ ለቡሬ ወዳጁ ልጅ ሊድራት ቃል ገብቷል። ሚስቴም «አንዷ ከጠፋች ሌላዋ አጠገቤ ትሁን» እያለች ወደ እሱ አዘንብላለች።

«እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚያ አገር ድምጿን ካሰማኸን የታናሺቱን ነገር ትቻለሁ» አለ። «ካላሰማኸን ትዳራለች።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ንዴት ነው ያስባለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀምጠናል። ስልኬ ጉልበቴ ላይ ነው። ገና አምስት ሰዓት ሳይሞላ ጮኸ።

«አባዬ! ደረስኩ! ቻይና ገብቻለሁ!»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሰማሁ። ሚስቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ወንድሜ እጁን አነሣ።

«ቆይ! በዘጠኝ ትገባለች አላልክም? አምስት እንኳ አልሞላም። ይች ልጅ አዲስ አበባ ቁጭ ብላ ነው የምታሞኘን።»

ሰዉ አጉረመረመ። ዘጠኝ ማለቴ እውነት ነው።

«ልጄ፣ ሰዓቱ ገና ነው እኮ!» አልኳት።

«እዚህ ዘጠኝ አልፎ አሥር ሊል ነው አባዬ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።»

ወንድሜ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ስሙልኝ! እኛ ዘንድ ገና ሽቅብ ስትወጣ፣ እሷ ዘንድ ታዘቀዝቃለች!»

የነፍስ አባታችን የያዙትን ዋንጫ አስቀመጡ።

«አንተ፣ ስትጸልይ ፊትህን ወዴት ታዞራለህ?» አሉት።

«ወደ ምሥራቅ ነዋ፣ አባ።»

«ፀሐይስ ከወዴት ትመጣለች?»

«ከዚያው ከምሥራቅ።»

«ታዲያ እኛ ዘንድ ሳትደርስ በማን ደጅ ያለፈች ይመስልሃል? የምሥራቅ ሰው ከእኛ ቀድሞ ይነጋለታል፤ ቀድሞም ይመሽበታል።»

ሚስቴ ያፈነችውን እልልታ ለቀቀችው፤ ሴቶቹም ተቀበሏት።

«አዳሩስ ስንት ሆነ?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«አንድ» አልኩ፣ ወንድሜን ዓይን ዓይኑን እያየሁ። «እሱንም ተኝታ ነው የሄደችው።»

ሰኞ ታናሺቱ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። ወንድሜ ቡሬ ሄዶ ቃሉን አጠፈ። ከዚያ ወዲህ በደጄ ማለፍ አፍሮ በወንዙ በኩል ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባ። በዚያ በኩል መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዳገትም አለው። እሰይ!