የአንበሳው ጾም

አንበሳውን ከልቤ እጠላው ነበር። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ አሉ፤ "አንበሳ እኮ የንጉሥ ምልክት ነው፣ ግርማ ነው!" ይሉኛል። እስቲ ግርማውን የጠባቂውን ልብስ ላጠበች ሴት ንገሯት! ባሌ የአገረ ገዣችን አንበሳ ጠባቂ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ከእሱ ቀድሞ ሽታው ይገባል፤ በእንዶድ ባሸው፣ በአመድ ብዘፈዝፈው ያ ጠረን ከጋቢው አይለቅም። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ፣ "ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ እሱን?" እያልኩ ስጨቀጭቀው፣ "አንቺን አገባሁ፤ በእሱ ላይ ግን ተሾምኩ" ብሎ ይስቅብኛል። ሲስቅ ደግሞ መቆጣቱ ያቅተኝ ነበር።

የገዣችን ግቢ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ካለው ጉብታ ላይ ነው። በግቢው ውስጥ ደቦል ሳለ ከአባይ በረሃ የመጣ አንበሳ፣ አንድ ድኩላና አንዲት ሰንሰለት ያላት ጦጣ ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያገሩ ሰው አጥሩን ተደግፎ እነሱን ሲያይ ይውላል። አንበሳው በወይራ ግንድ በታጠረ በረት ውስጥ ይንጎራደዳል፤ ሲያገሳ ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ ወንዶቹ ይፎክራሉ። የሚበላውን ባላገሩ በየተራው ያመጣል፤ "የአንበሳ በግ" ይባል ነበር። እያጉረመረመም ቢሆን ያመጣ ነበር፣ እግዜር ይስጠው።

ኋላ ጣሊያን መጣ ተባለና የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። ገዣችን ሊዘምቱ ተነሡ። ባሌም ጠመንጃውን ወልውሎ ከጓደኞቹ ጋር ተሰለፈ። እሳቸው ግን ከሰልፉ መካከል ጠርተው አወጡትና፣ "አንተ ትቀራለህ። ይህን አንበሳ ለጃንሆይ ላበረክተው ያሳደግሁት ነው። ስመለስ በሕይወት ላገኘው። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር!" አሉት። ባሌ መሬት ስሞ ተነሣ። ቤት ሲመጣ ከጓሮ ዞሮ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ አብሮ አደጎቹ ሁሉ እየፎከሩ ሲወርዱ እሱ በረት ሊጠርግ መቅረቱ ነው። እኔ ግን ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ! ባሌ ቀረልኝ።

ምንጭ ስወርድ ግን ሴቶቹ አላስቀመጡኝም። አንዲቱ፣ "ያንቺው ጀግና ዛሬ ስንት ዝንብ ገደለ?" አለችኝ፤ ሌሎቹ ሳቁ። "ዝንብ ገዳይ ባል ቤቱ ያድራል፣ እህቴ" ብዬ እንስራዬን ተሸክሜ ሄድኩ። የእኔ አፍ መች ዝም ይልና። እሱ ግን ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከሰው ኋላ መቆም ጀመረ። አንድ ቀን እግሩን ሳጥበው፣ "ስሚ፣ አደራ ይዞኝ ነው የቀረሁት። ይህ አንበሳ የሞተ ዕለት እኔም እዚህ የለሁም፤ ጓደኞቼን እከተላለሁ" አለኝ። አነጋገሩን አውቀዋለሁ። ለማስፈራራት የሚናገር ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ነው አንበሳው የእኔም ጉዳይ የሆነው። መውደድ አልለውም። እሱ ካለ ባሌ አለ፤ እሱ ከሌለ ባሌም የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ችግሩ ግን ወዲያው መጣ። ባላገሩ ያለውን ሁሉ ለዘማች ስንቅ አራግፎ ባዶውን ቀርቷል፤ የአንበሳ በግ የሚያመጣ ጠፋ። ለግቢ ጥበቃ የቀሩት ሽማግሌዎች ድኩላውን አርደው በሉት። ጦጣዋን ባሌ ሰንሰለቷን ፈቶ ለቀቃት፤ ጥቂት ቀን ከአዳራሹ ክዳን ላይ ተቀምጣ ስታየን ከረመችና ወደ ገደሉ ሄደች። አንበሳው ግን ወዴት ይለቀቃል? ሰውና ከብት ባለበት አገር አንበሳ አይለቀቅም። ባሌ የሞተ አህያ ከሰማ እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ሄዶ በገመድ እየጎተተ ያመጣል። ፍየሎቻችን አለቁ፤ ዶሮዎቼም ተከተሉ። አንበሳው ከሳ፣ ጎፈሩ ተነቃቀለ፣ ማግሳቱንም ተወ። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ይባላል፤ ይህ ሳያረጅ ሆነ።

እርዳታ ፍለጋ ደጅ መጥናት የእኔ ድርሻ ሆነ፤ ባሌ መለመን አይችልበትም። መጀመሪያ ግብር ሰብሳቢው ጭቃ ሹም ዘንድ ሄድኩ። "አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም? ለሰው ስንቅ ያጣ አገር ለአውሬ በግ ያዋጣል?" ብሎ አባረረኝ። የገዣችን ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ወደ ጋይንት ዘመዶቻቸው ሊሸሹ ዕቃ እያስጫኑ ነበር። "እመቤቴ፣ አንበሳው ሊሞት ነው" አልኳቸው። "ለጃንሆይ የታሰበ አይደል? እንግዲህ ጃንሆይ ይወቁበት" አሉና በቅሏቸው ላይ ወጡ። ተናድጄ ስመለስ ብቻዬን እየጮህኩ ነበር የምሄደው። ወይ ጉድ! እሑድ እሑድ ግርማው የሁሉም ነበር፤ ረኃቡ ግን የእኔና የባሌ ብቻ ሆነ። አስረው ያስቀመጡት እነሱ፣ ያዩት እነሱ፣ የኮሩበት እነሱ፤ ሲራብ ግን ባለቤት አጣ።

በመጨረሻ የቀረን አባቴ ሲድረኝ የሰጠኝ ጊደር ነበረች። ወልዳልኝ፣ አልቤ ልጅ አሳድግባታለሁ ያልኳት። "እረድለት" አልኩት። ባሌ አፉን ከፍቶ አየኝ። "አንቺ? ለእሱ?" አለ። "ለእሱ አይደለም፣ ሞኝ! ይልቅ ካራህን ሳል" አልኩትና ፊቴን አዞርኩ። ሰንበትን ላለመሻር ሰኞ ጠዋት ሊያርዳት ተስማማን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን የደብራችን አለቃ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። በማግስቱ የነነዌ ጾም ይገባል። "የነነዌ ሰዎች ከመዓቱ የዳኑት እነሱ ብቻ ጾመው አይደለም፤ እንስሶቻቸውን ሳይቀር አስጹመው ነው። ዘንድሮ መዓቱ በደጃችን ነው። ሦስቱን ቀን ሰውም ከብትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቅመስ፤ ልጆቻችን ከጦሩ ሜዳ በሰላም እንዲመለሱልን ምህላ እንያዝ" ብለው ገዘቱ። ሕዝቡ "ይሁን፣ ይሁን" እያለ አለቀሰ። ከዚያ ባሌ ቀረብ ብሎ፣ "አባቴ፣ አንበሳውስ?" ሲል ጠየቃቸው። "እሱስ የእግዚአብሔር ፍጥረት አይደል? ይጹም" አሉት።

በሰላሙ ጊዜ በጾምም ቢሆን ለአንበሳው ይታረድለት ነበር፤ የገዣችን ነፍስ አባት ፈቅደው። እሳቸው ግን ከጦሩ ጋር ዘምተዋል። እኔ አላስችል ብሎኝ አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጉልበታቸውን ስሜ፣ "አባቴ፣ ላም በዘጠኝ ሰዓት ድርቆሽ ትበላለች፣ ጥጃም ይጠባል። አንበሳው በዘጠኝ ሰዓት ምን ይብላ? ሽሮ?" አልኳቸው።

"ሥጋ በጾም እንዴት ልፍቀድልሽ ልጄ?"

"ከዚህ በፊት ሲጾም ነው የከረመው እኮ! ሦስት ቀን አይቆይም፣ ይሞታል።"

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው በልቅሶ ቀልቷል። "እኔ ሁለት ወንዶች ልጆች ሰድጃለሁ። በዚህ ደብር አንዲት አፍ ጾሙን ሽራ ምህላው ቢፈርስ፣ ለእናታቸው ምን ብዬ ልንገራት?" አሉኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እመልስላቸው ነበር። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ሰኞ አገሩ ሁሉ በጥጃ ጩኸት ተሞላ። እናቶቹ ከወዲያ፣ ጥጆቹ ከወዲህ ታስረው ሲጣሩ መዋላቸው አንጀት ይበላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ተፈቱ፣ ጸጥ አለ። እኔ ባቄላ ቀቅዬ በጨው አሽቼ ለአንበሳው ወሰድኩለት። ሳቁብኝ፣ ግዴለም። ከአጥሩ ሥር ባፈስለት ተንቀራፍፎ መጣና አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ራሱን በእግሮቹ ላይ አስተኛ። ያን ያህል ቀርቤው አላውቅም ነበር። ስጠላው ለኖርኩት እንስሳ አለቀስኩለት።

ማክሰኞ መነሣት አቃተው። ቤት ገብቼ ካራውን ከጣሪያ መዘዝኩና ወደ ጊደሬ ሄድኩ። በእኛ አገር ሴት አታርድም፣ ነውር ነው፤ ያረደችውንም የሚበላ የለም። አንበሳ ግን ይህን አያውቅም ብዬ ነው። ገመዷን ሳጠብቅ ባሌ ደረሰና ክንዴን ያዘኝ።

"አገሩን ልታስጨርሺ ነው?" አለኝ።

"አንተን እንዳላስጨርስ ነው!"

"የእኔ አንበሳ በልቶ፣ ጾም ሽሮ፣ ጓደኞቼ ቢያልቁ ሰው ምን ይለኛል? ፈርቶ ቀረ አሉኝ፤ ደግሞ አስፈጃቸው ይበሉኝ?" ካራውን ከእጄ ወሰደ። እዚያው ከጊደሯ አጠገብ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ።

ጾሙ ሐሙስ ተፈታ። ባሌ ገና ጎህ ሲቀድ በስመ አብ ብሎ ጊደሯን አረደና ጉበቷን ትኩሱን ይዞ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት። አንበሳው በጎኑ ተኝቷል። ባሌ በረቱ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ቀን በፊት ያለ ዱላ ገብቶ አያውቅም። ጉበቱን ከአፉ ላይ አስነካለት። ምላሱን አወጣ፣ ደሙን አንዴ ላሰ፤ መዋጥ ግን አልቻለም። ረፋዱ ላይ ሞተ። "ቆዳውን ግፈፈውና ለጌታው አስቀምጥላቸው" ያሉት ነበሩ፤ ባሌ እሺ አላለም። ከግቢው ዋርካ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ከነጎፈሩ ቀበረው።

ከዚያ ጠመንጃውን አወረደ።

"ባዶ እጅህን አትሄድም። የጊደሯ ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ይድረቅልህ፣ ስንቅህን ይዘህ ሂድ" አልኩት። ቀን መግዛቴ ነበር። ሥጋውን ሆን ብዬ አወፍሬ ዘለዘልኩት፤ ጨውም ቀነስኩበት። በየጧቱ ደመና ባይ ብዬ ወደ ጉና ተራራ አንጋጥጣለሁ። ፀሐዩ ግን አልራራልኝም፣ ቶሎ አደረቀው። ጥጃ ያልወለደችልኝ፣ ላም ሆና ያልታለበችልኝ፣ ባሌን ታስቀርልኛለች ያልኳት ጊደሬ በአቁማዳ ተቋጥራ መንገድ አወጣችው። ቁልቁለቱን ሲወርድ ዞሮ አየኝና እጁን አነሣ። በኋላ የተመለሰ አንድ ጎረቤታችን፣ "ጌታውን ደርሶባቸው ነበር፤ አውሮፕላን ቦምብ የጣለ ዕለት አብረን ነበርን፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም" አለኝ። የአለቃም ሁለት ልጆች አልተመለሱም። በዚያ ደብር ጾሙን የሻረ አፍ አልነበረም።

ዓመታት አልፈው ጣሊያን ወጣ፤ ገዣችንም ወደ ግቢያቸው ገቡ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። እኔም በማቄ ሆኜ እጅ ልነሣ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ አተኩረው አዩኝ። "የአንበሳ ጠባቂዬ ሚስት አይደለሽም እንዴ? አንበሳዬስ?" አሉኝ።

"አንበሳዎን ቀብረነዋል፣ ጌታዬ። ከዋርካው ሥር ነው፤ ልወስድዎትና ላሳይዎት እችላለሁ" አልኳቸው። "ጠባቂዎ የት እንደወደቀ ግን ከእርስዎ ጋር ነበርና፣ እርስዎ ያሳዩኝ።"

ዓይናቸውን ወደ ዋርካው አዞሩ። ከኋላዬ የቆመው ሰው ተራው ደርሶ ኖሮ በትከሻው ገፋ አደረገኝ፤ እኔም ነጠላዬን ሰብስቤ አለፍኩ።