ከጋዜጣና ከዱቄት የተሠሩ ተራሮች

መካነ ሰላም የሄድኩት ጂኦግራፊ ላስተምር ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር አልነበረኝም። ክራር ሞክሬ ተውኩ፤ ልብ ወለድ ጀምሬ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቀረሁ።

ተማሪዎቼ የአውሮፓን ወንዞች ይሸመድዳሉ፤ የራሳቸውን አገር ግን በካርታ አይተውት አያውቁም። ስለዚህ አሮጌ ጋዜጣ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፤ የስንዴ ዱቄት አፍልቼ ሙጫ ሠራሁ፤ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አንድ የበር ሳንቃ አጋድሜ ከበሽሎ ወንዝ እስከ ዓባይ ያለውን አገር በላዩ መሥራት ጀመርኩ። ተራራው ከጣቶቼ ሥር ቀና ሲል፣ ገደሉ በአውራ ጣቴ ሲሰምጥ ምሳዬን እረሳ ነበር።

የሚያርሙኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። ከዚያው አገር፣ ከወግዲ ናቸው፤ ሽማግሌ። ማንበብ አይችሉም፤ አገሩን ግን በእግራቸው ያውቁታል። አንድ ቀን ወንዞቹን ሰማያዊ ስቀባ ሲያዩኝ ቆዩና፣

"መምህር፣ ይቺን አይቀቧት" አሉኝ።

"ለምን አባባ?"

"ውሃ የላትማ። ከብቱ ሊጠጣ ወርዶ እዚያው አሸዋው ላይ ቀርቷል አሉ።"

ሳቅሁ። "ክረምት ሲገባ ትሞላለች።"

"ኢንሻላህ" አሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

ክረምቱ ያለ ዝናብ አለፈ። ትምህርት ሲከፈት ከቆላው የሚመጡት ተማሪዎች አልተመለሱም። ስም ስጠራ "አቤት" የሚለኝ አነሰ። እኔም፣ ስጽፈው አፍራለሁ፣ ከባዶው ክፍል እየሸሸሁ ካርታዬ ጋ እገባ ነበር።

አንድ ጧት የዕቃ ቤቱን በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ልጅ ያዘለች ሴት ካርታው ላይ ተንበርክካ በጥፍሯ እየፋቀች ታኝካለች። አየችኝ፤ እጇ ግን አልቆመም።

"ተይ እንጂ! ወረቀት ነው፤ ቀለም አለበት!"

"ዱቄት አለበት" አለችኝ።

ዘበኛው ከኋላዬ ደረሱ። "የተረፈው ዱቄት የታለ?" አሉና ከጣሳዬ ያለውን ሁሉ ገልብጠው ሙቅ ሠሩላት። መጀመሪያ ልጁን አጠጣች፣ ከዚያ ራሷ ጠጣች። ተነሥታም የደሴን መንገድ ያዘች። የት እንደደረሰች አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዱቄት አልነካሁም። መሥራቱን ግን ልተወው አልቻልኩም፤ በሳምንቱ የተፋቀውን በጭቃ ስደፍን ራሴን አገኘሁት። ሲያልቅ ቆሜ አየሁት። በሕይወቴ የጨረስኩት የመጀመሪያ ነገር ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴም አስፈራኝ።

ንጉሡ ወረዱ፤ መሬት ላራሹ ታወጀ። አንዳንድ ባለርስቶች ጠመንጃቸውን ይዘው ሸፈቱና ወደ ገደሉ ወረዱ። እነሱን ሊያሳድዱ የመጡ ወታደሮች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፈሩ፤ አዛዡም ዕቃ ቤቱን አስከፍቶ አስጠራኝ።

"ይህን ማን ሠራው?"

"እኔ" አልኩ። ለሽፍታ ነው የሠራኸው ሊለኝ ነው ብዬ ነበር።

ዙሪያውን እየዞረ አየውና፣ "ጎበዝ! እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም" አለ።

እንደዚያ አድርጎ ያሞገሰኝ ሰው አልነበረም። ፊቴ ሲበራ ተሰማኝ።

"ሽፍቶቹ የገቡበት ገደል ከዚህ ቁልቁለት ሌላ መውጫ አለው?"

"አለው፤ በዚህ በኩል" አልኩት። ጣቴ ከአፌ ቀደመ።

ቀና ስል ዘበኛው በሩ ላይ ቆመዋል።

"መምህር፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "እዚያ እኮ ልጆቼ አሉ።"

በማግሥቱ ወታደሮቹ ሳንቃውን ለአራት ተሸክመው መኪና ላይ ጫኑት። ሽማግሌው ቀድመዋቸው ወደ ልጆቻቸው በእግራቸው ሄደው ነበር። ሳምንት ጠበቅኳቸው፤ ወር ጠበቅኳቸው። ከዚያ በቦታቸው ሌላ ዘበኛ ተቀጠረ።

እኔም ዝውውር ጠይቄ ደጎሎ ወደምትባል ከተማ ሄድኩ። እዚያ የገበያ ቀን ከወግዲ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ እሳቸው እጠይቃለሁ። አየኋቸው ያለኝ የለም።