አባቴ ያልፈቱት ግዝት

ወረታ ላይ ስለ ወንድሜ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ጊታሩን ነው። እንዴት ያስጮኸው እንደነበር፣ ሰው ከሐሙሲትና ከይፋግ ድረስ እሱን ለማየት እንዴት ይጎርፍ እንደነበር ያወራሉ። ለምን እንደተወው ሲጠይቁኝ ግን እናደዳለሁ። ነገሩን ከሥሩ ካልሰሙት "አብዷል" ብሎ መሄድ ይቀላቸዋል።

አባታችን ቄስ ነበሩ፤ ከርብ ወንዝ ማዶ ባለች ደብር ያገለግሉ ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ታናሽ ወንድሜን ያሳደግነው እኔና እሳቸው ነን። ለድቁና አስበውት ዜማ አስጀምረውት ነበር። ደርግ መጣና የቀበሌው ኪነት ቡድን ድምፁን ሰምቶ ወሰደው። እሱ ግን ዘፋኝ አልሆነም። የቀበሌው ካድሬ ከባሕር ዳር ያስመጣትን ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር አየ፣ በቃ፣ ሌላ ነገር አይታየው።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የፈረንጅ ካሴት አውሶት ነበር፤ ጊታር ብቻውን የሚጮህበት፣ እኔ ስሰማው ብረት የሚገዘግዙ የሚመስለኝ። ያንን ድምፅ ካላወጣሁ ብሎ ሲለፋ ከረመና አንድ ቀን ድምፁ እንዲሻክርለት የማጉያውን የውስጥ ወረቀት በምላጭ ተለተለው። ካድሬው የመንግሥት ንብረት አበላሸህ ብሎ ሊያስረው ነበር። ጀኔሬተሩ ተነስቶ ጊታሩ እንደ ፎገራ ኮርማ ሲያገሳ ግን ካድሬውም አፉን ይዞ ቀረ። ክሩ ሲበጠስበት የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተርትሮ ይወጥርበታል። ጣቱ ይደማል፣ እሱ ይስቃል። እንደዚያ ደስ ብሎት ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አባባ "ዓለማዊ ነገር" እያሉ ይነጫነጩ ነበር እንጂ አልከለከሉትም። የኪነት ልጆች ከብሔራዊ ውትድርና ይተርፋሉ ይባል ነበርና ለሳቸውም እፎይታ ነበር። ከዚያ ሌላ ወሬ መጣ፤ የኪነት ቡድኖች ወታደሩን ሊያዝናኑ ሰሜን ጦር ግንባር ሊላኩ ነው ተባለ። ከአንድ ጎረቤት ቀበሌ የሄደች ዘፋኝ እዚያው ቀረች ሲባልም ሰማን። አባባ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ከቅዳሴ እንደተመለሱ ወንድሜን ፊታቸው አቆሙትና መስቀላቸውን አወጡ።

"በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሃለሁ። እኔ በአፌ እስክፈታህ ድረስ ያችን ጊታር በእጅህ እንዳትነካ" አሉት።

ግዝት በእኛ ቤት ቀልድ አይደለም። የቄስ ቃል ያሰረውን ቄሱ ሳይፈታው የጣሰ ሰው ከቁርባንም ከሰውም ይለያል። ወንድሜ አለቀሰ፣ መስቀሉን ሳመ፣ በማግስቱ ጊታሯን ለካድሬው መለሰ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። ኪነቱ ግንባር ሳይሄድ ቀረ። ጎንደር ደርሶ ተጫውቶ ተመለሰ፤ ልጆቹ ሁሉ በሰላም ቤታቸው ገቡ። ወንድሜ ግን የኪነት አባል መሆኑ ቀርቷልና በክረምቱ ወረታ ገበያ መሀል ታፈሰ።

ሰምቼ ስደርስ መኪናው ላይ ጭነውታል። ካድሬው ከታች ቆሟል። ክፉ ሰው ነበር፣ የዚያች ጊታር ነገር ግን አይሆንለትም። ከቢሮ አስመጥቶ ወደ ላይ ዘረጋለት።

"ያዛትና ውረድ። ለአብዮት በዓል ትጫወትልናለህ፣ እኔ አስቀርሃለሁ" አለው።

ወንድሜ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ። "ተገዝቻለሁ" አለ።

"ያዛት አንተ፣ እኔ ልኮነንልህ" ብዬ ጮህኩ።

"እታለም፣ አባባን ጥሪያቸው። እሳቸው ይፍቱኝ" አለኝ።

ሜዳው በርብ ሙላት ተውጧል። ወገቤ ድረስ እየጠለቅሁ ደብሩ ደረስኩ። አባባ ነገሩን ሲሰሙ ጫማቸውን እንኳ አላጠለቁም። በዚያ ዕድሜያቸው መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ "ብቻ ፊቱን ልየው፣ እፈታዋለሁ" እያሉ። ወረታ ስንደርስ መኪናው ሄዷል።

ዓመታት አለፉ። አብረውት የታፈሱት የብዙዎቹ መርዶ መጣ፤ የእሱ ሞቱም መኖሩም አልተሰማም። አባባ ታመሙ። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወስጄ አስታጠብኳቸው፣ አልተሻላቸውም። እንደማይተርፉ ሳውቅ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ለመንኳቸው።

"አባባ፣ ያንን ልጅ ይፍቱት። እርስዎ ካለፉ ማን ይፈታዋል?"

"የት አለና?"

"ባለበት ይፍቱት።"

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ ተቆጥተዋል። "በሌለበት የሚፈታ የሞተ ሰው ነው። ፍትሐት የማን ነው? የሬሳ ነው። እኔ ልጄ ሞተ አልልም። ሲመጣ እንደቆመ እፈታዋለሁ።"

እርር ድብን አልኩ። "እሱ ሳይመጣ ቢያልፉስ?" አልኳቸው። በዚያው ሳምንት ሞቱ።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በይፋግ በኩል እየለመነ ይመጣ ጀመር። መንገድ ዳር ወጥቼ ውሃ እያቀበልኩ የሁሉንም ፊት አይ ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ መጣ። ከስቷል፣ የፊት ጥርሶቹ ረግፈዋል። አሥሩም ጣቶቹ ግን ደህና ናቸው፤ እሱን ትቼ ጣቶቹን እየዳበስኩ አለቀስኩ።

"አባባ አሉ?" አለኝ። ከፊቴ አወቀው። ምን ብለው እንደሞቱ ስነግረው መሬት መሬት እያየ ሰማኝ።

የቀበሌው ቢሮ ሲዘረፍ ጊታሯን ያተረፉ ጎረምሶች ነበሩ፤ መምጣቱን ሰምተው ይዘዋት ቤታችን መጡ። የአባባ ተማሪ የነበሩት፣ አሁን በሳቸው ቦታ የሚቀድሱት ቄስም መጡ። "ሥልጣኑ አንድ ነው ልጄ፤ ና ልፍታህ" ብለው መስቀላቸውን አወጡ። ደስ አለኝ። ተገላገልን ብዬ ነበር።

ወንድሜ ተነስቶ መስቀሉን ተሳለመ። "አይሆንም አባ" አለ። "እዚያ ግንባር በየጉድጓዱ ሬሳ መሀል ስተኛ ሰው ሁሉ ሞቷል ብሎኛል። እኔም ሞቻለሁ ያልኩበት ቀን አለ። አለ ብለው የጠበቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ለዚያም ነው ሳይፈቱኝ የሞቱት። ሌላ ሰው እንዲፈታኝ አልፈልግም።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብዬ በሰው ፊት ሰደብኩት። አባቴንም ጨምሬ ተራገምኩ። እሱ አልተቆጣኝም። ቄሱ መስቀላቸውን ከተቱ፣ ጎረምሶቹ ጊታሯን ይዘው ሄዱ፣ ወንድሜም የጎረቤት ሩዝ ሊያርም ወጣ። ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።