ጨምቀው የሚበሉት መኮሮኒ

እናቴ መኮሮኒ (ያኔ ረጅሙንም ፓስታ እንዲያ ነበር የምንለው) መጀመሪያ ያየች ዕለት ያለችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ካርቶኑን ከፈተች፣ ካንዱ ጥግ ጥቂት መዘዘች፣ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አገላብጣ አየችውና፣

«ይኼ እኮ ቃጫ ነው» አለች። «እህሉን ራሳቸው በልተው ቃጫውን ለኛ ሰጡን።»

ዘመኑ የጣሊያን ጊዜ ነው። ኮልፌ ያኔ ከቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ እንጂ ሰው አልነበረባትም። አባቴ እንጨት ፈልጦ ይሸጣል፤ ከደንበኞቹ አንዱ ከበላያችን የሰፈረው የጣሊያን ካምፕ ወጥ ቤት ነበር። በዚህ ሥራው አይኮራም። «የሸጥኩላቸው እንጨቴን እንጂ ጉልበቴን አይደለም» ይላል። «እንጨቱ ራሱን ፈልጦ ሄደ?» ትለዋለች እናቴ። በዚያ ሳምንት ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚበላ ነገር ይዞ እንዲመጣ ያዘዘችው እሷው ናት።

ምክንያቱ ጎረቤታችን ነበረች። በአጥር ብቻ የምንለያይ ሙስሊም ጎረቤት ነበረችን፤ ባሏ ጨርቅ ነጋዴ ነው። እናቴ ከጉራጌ አገር ተድራ ኮልፌ ስትገባ አማርኛ እንኳ አጥርታ አትናገርም ነበርና፣ ከገበያ ክርክር እስከ ሕፃን አስተጣጠብ ያስተማረቻት ይቺ ሴት ናት። የኔንም እትብት የቆረጠችው እሷ ናት። አሁን ባሏ ሱቁን ወደ ጅማ ሊያዛውር ነው ተባለ። ዕቃ መታሰር ጀመረ።

ሽሮና ጎመኑን ሁለቱ ሴቶች ለዓመታት አብረው በልተዋል። ሥጋ ግን እንደሚታወቀው ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ለእስላም፣ የእስላም ሥጋ ለክርስቲያን አይሆንም። እናቴን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ወዳጅ በሽሮ አይሸኝም። በሥጋ ይሁን ከተባለ ደግሞ ሁለት ድስት፣ ሁለት ትሪ፣ ሁለት ማዕድ ሊሆን ነው።

«በመሸኛዋ ቀን እሷ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ ልንበላ ነው?» አለችው አባቴን። «አንቱ ሰው፣ ሳይታረድ የሚደገስ ነገር ፈልገው ያምጡልኝ።»

አባቴም ይዞ መጣ። ቃጫ።

እንሰት ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ፤ ሳያስረዱ ማለፍ አልወድም። ቆጮ ከእንሰት ሲፋቅ ጭረቱ ተለይቶ ይወጣል፤ እሱ ቃጫ ነው፣ ለገመድ ይሸጣል። ቆጮዋ ውስጥ አንዲት ክር የተገኘባት ሴት ስሟ ለዓመት አይጠራም። ከእንሰቱ ሁሉ የላቀው ደግሞ ቡላ የሚባለው ነጭ ዱቄቱ ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ሴት ረጃጅም፣ ደረቅ፣ ቢጫ ጭረት የሞላበት ካርቶን ስታይ ሌላ ምን ትበል?

«በዓይኔ አይቻለሁ እያልኩሽ!» አለ አባቴ። «ቀቅለው፣ በሹካ እንደ ፈትል እያጠነጠኑ ይውጡታል።»

«ሰው ልብሱን ይፈትላል እንጂ ምሳውን ይፈትላል?»

ክርክሩን ለመጨረስ ካርቶኑን ወንፊት ላይ ገለበጠችው። ከታች አንድ እፍኝ የማይሞላ ነጭ ብናኝና ስብርባሪ ወጣ። «ይኸው ቡላው!» አለች፣ ፊቷ በርቶ። ወዲያው ገንፎ አገነፋችው። ቀማሽ እኔ ነበርኩ። ምንም ምንም አይልም ነበር፤ አፌ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። እናቴ ፊቴን አይታ ፍርዷን ሰጠች፦ ጠላት ቡላ አያውቅበትም።

ጭረቱ ግን አይጣልም። ጎረቤታችን ለዕቃዋ ገመድ ያስፈልጋት የለ? ድግሱ ቢቀር ገመዱ አይቅር ብላ፣ እናቴ ከካርቶኑ ግማሹን ገንዳ ውስጥ አድርጋ እንዲለዝብ የፈላ ውኃ ደፋችበትና ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች። ልትገምድ ስትመለስ ገመዱ አብጧል። አንዱን ጎተተችው፤ ተበጠሰ። ሌላውን ጎተተችው፤ ጣቷ ላይ ተለጠፈ።

«አላልኩም?» አለ አባቴ ከደጃፉ።

«ዝም ይበሉ።»

ተናዳ ውጭ ደፋችው። ዶሮዎቹ ከየጥጉ እየሮጡ መጥተው ተሻሙበት፣ አንዲት ክር አላስተረፉም። እናቴ ወገቧን ይዛ ቆማ ዶሮዎቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ምግብ መሆኑን ከእኛ በፊት የተረዱት እነሱ ናቸው።

የቀረው ግማሹ ነው፤ ጎረቤታችን ደግሞ በማግስቱ ለምሳ ተጠርታለች፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጠዋት መሄጃዋ ነው። በማግስቱ እናቴ ያንን ግማሽ ለሥጋ ባልዋለ አዲስ ድስት ጣደችው። ልቧ እስኪረካ ቀቀለችው፤ ልቧ የሚረካው ደግሞ ቶሎ አልነበረም። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፣ ገለበጠችበት፣ አንዱን ጫፍ ለኔ ሰጠችኝና፣

«ጠምዝዢ» አለችኝ።

ቆጮ ሳይጨመቅ አይጋገርም፤ ውኃ የቋጠረ ቆጮ ለሰው ማቅረብ ነውር ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የመኮሮኒ ካርቶን ሳይቀር፣ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። ውኃውን አጥልሉ የሚል አንብቤያለሁ። በጨርቅ ጠምዝዛችሁ ጭመቁ የሚል እስካሁን አላገኘሁም።

«አንቺ ሴት፣ እነሱ አይጨምቁትም!» ጮኸ አባቴ።

«እነሱ የማያውቁት ስንት ነገር አለ!»

ጨመቅን። ነጭ ውኃው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ጨርቁ ሲፈታ አንድ ድፍን ነገር ወጣ፤ ክብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቢጫኑት ተመልሶ የሚነሳ። አባቴ ይይዝ ይሆናል ብሎ ቀጭን እንጨት ሰካበትና እንደ ጣሊያኖቹ ሊያጠነጥን ሞከረ። ድፍኑ ሁለመናው ከእንጨቱ ጋር ተነሣና አብሮ ዞረ።

በዚህ መሀል ከአጥሩ በኩል፣ «ቤቶች! ደረስኩባችሁ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እናቴ ምግብ ስትሸፍን አይቻለሁ፤ ምግብ ስትደብቅ ያየሁት ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው። ነጠላዋን አውልቃ ጣለችበት።

«ምን ደበቅሽ?» አለች ጎረቤታችን ገና ሳትቀመጥ።

«ውርደቴን።»

«እስቲ አሳዪኝ። ውርደትሽን ያላየሁት መቼ ነው?» ነጠላውን ገለጠችው። በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ተመልሶ ተነሣ። «ወላሂ፣ ይኼ ትራስ ነው!» አለችና ሳቋ መሬት አስቀመጣት። እናቴም አብራት ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ግን ተበላሸ።

«ነገ ልትሄጂ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ካንድ ትሪ ደህና ነገር አብረን ሳንበላ ልትሄጂ ነው።»

«እኔ መች አልበላም አልኩ? ትራስሽን ክተፊውና እንብላው እንጂ!»

ጎረቤታችን ለቀልድ ነበር ያለችው። እናቴ ግን ቀና አለች። ከዚያ ተነሥታ ሥጋ ያልነካ አዲስ መክተፊያ አወረደች።

ቢላዋው ላይ ሲደረስ ነገሩ ሁሉ ቆመ። የኛ ቢላዋ የኛን ሥጋ ነክቷል። «ከቤት የኔን ላምጣ» አለች ጎረቤታችን፤ ያም የነሱን ሥጋ ነክቷል። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አባቴ በመጥረቢያዬ ይሁን ብሎ ሰሚ አጣ። በመጨረሻ እናቴ በኮባ ከተጠቀለለው የቆጮ ጉርዝኝ ጀርባ አሮጌውን የቆጮ ቢላዋ አወጣች፤ ዕድሜ ልኩን ከቆጮ ሌላ ያልነካ፣ ሃይማኖት የሌለው ቢላዋ።

ከተፈችው። እንዴት አድርጋ! እስኪደቅ፣ እስኪልም፣ ቢላዋው መክተፊያው ላይ እንደ ዝናብ እየወረደ። ጊዜው በዓለ ኀምሳ ነበርና ቅቤ የሚከለክል ጾም የለም። ንጥሩን ቅቤ ለብ አድርጋ አፈሰሰችበት፣ ኮረሪማና ሚጥሚጣ ነሰነሰችበት፣ ኮባ ላይ ቆልላ፣ አይቤና ጎመን በጎኑ አድርጋ መሀል ላይ አስቀመጠችው። አንድ ትሪ።

ጎረቤታችን «ቢስሚላህ» ብላ ጎረሰች። እናቴ አማተበችና አልጎረሰችም፤ አፍ አፏን ታያለች።

ጎረቤታችን አኘከች፣ ቆመች፣ እንደገና አኘከች።

«በየመስቀሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይኼ ሽታ በአጥሩ ይመጣብኝ ነበር። ቢላዋሽም ሲንኳኳ እሰማለሁ። ምራቄን ስውጥ ልጆቼ እንዳያዩኝ ወደ ጓዳ እገባ ነበር።» ሌላ ጎረሰች። «ለካ ያንቺ ክትፎ እንዲህ ኖሯል።»

«ኧረ እንዲህስ አይደለም፣ ሥጋው እኮ...»

«ዝም በይ! ልብላበት።»

እናቴ እጇን ወደ ትሪው ሰደደች። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰቻት፤ ያቺም መልሳ አጎረሰቻት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተባብለው ደገሙት። አባቴ «የካምፑ ወጥ ቤት ይኼን ቢያይ ያስረናል» አለ፤ እጁ ግን ከትሪው አልተለየም። እኔ ኮባውን ላስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ካሚዮኑ መጣ። ዕቃው በደህና ገመድ ታስሮ ተጫነ። እናቴና ጎረቤታችን አንገት ላንገት ተያይዘው ቆዩ፤ ባልየው «በሉ እንጂ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» እያለ። ካሚዮኑ ተንቀሳቅሶ ቁልቁለቱን ሊይዝ ሲል፣ ከዕቃው አናት ላይ ጎረቤታችን ሻሿን በእጇ ይዛ ብቅ አለች።

«አንቺ! ስንቴ ነው የሚጨመቀው?»

«ውኃው እስኪያልቅ!» ጮኸች እናቴ፤ ሮጠችም። «በነጭ ጨርቅ! ባለቀለም እንዳታደርጊ፣ ይለቃል!»

አቧራው እስኪጋርዳት ሮጠች። አባቴ ከአጥሩ ተደግፎ ያያል።

«በቃ» አለ፣ «ጅማም ትራስ ልትበላ ነው።»