የሚፈታ ጠረጴዛ

በአዳማ ሙቀት ሁለት ጃኬት ደርቦ የመጣውን ሰውዬ ሉብና ከሱቋ ባንኮኒ ኋላ ሆና ታየዋለች። ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ክው ይላል። ለአናጢ ጠረጴዛ እንጨት ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ መርጦ ጨርሷል፤ አሁን እግሮቹን የሚያስርበት ብሎንና ዳዶ ያገላብጣል።

«እግሩንማ በሚስማር ይምቱት እንጂ አባቴ» አለችው። «ጠረጴዛው ካልጠነከረ እንጨት ሲልጉበት ይነቃነቃል።»

«የበፊቱ ጠንካራ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል። «ከቤታችን ስንወጣ ለአራት ማንሳት አቃተን፤ ጥለነው ሄድን።»

ለምን እንደወጡ አልጠየቀችውም። እሱም ዳዶውን እስከ መጨረሻው አጠበቀና በጨለማ እንዳለ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ብቻ ይፈታው ጀመር። ሲጨርስ ላብ አጥምቆታል።

«ዘገየሁ» አለ፤ እንደገና አጠበቀው።